እያዩ ወደ ወጥመድ መግባት

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው ጸሐፊ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ «ስለ ምን?» ብለው «ስለምትወደው ነገር» አለኝ። ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ጓደኞቼ ስለ መሬት፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት የተናገሩ ስለሆነ እኔ ስለ አንድ የቼዝ ጨዋታ ላወራ ስነሣ ጥቂት ዕፍረት ተሰምቶኛል። ነገር ግን ቃሌን ሰጥቻለሁና ልታገሡኝ ነው። እዚህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልሁት ገበታ መሥመሩ የተጣመመ ቢሆንም ስድሳ አራቱም ቤቶች አሉበት፤ ቈጥሬአቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። በመኝታ ክፍሎች መካከል በሚደረገው የቼዝ ውድድር ለመግባት ቈርጬ ተነሣሁና ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መክፈቻ ስሸመድድ ሰነበትሁ። የማርሻል ጥቃት ይባላል። ጥቁሩን የያዘው ተጫዋች አንድ ወታደር በነፃ ሰጥቶ በምትኩ የነጩን ንጉሥ ሰፈር የሚያናጋበት ኀይለኛ መክፈቻ ነው። እስከ ሃያኛው እንቅስቃሴ ድረስ ቅርንጫፎቹን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሌ እደግማቸው ነበር። ተጋጣሚዬ በዚያው ዓመት የገባ ዝምተኛ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። እስከ ሰባተኛው እንቅስቃሴ ድረስ ልክ መጽሐፉ እንዳለው ሄደልኝ፤ የሠርጉ ቀን የደረሰለት ሙሽራ እንኳ እንደኔ አይደሰትም። በስምንተኛው ግን እኔ የጠበቅሁትን ትቶ በገበታው ዳር የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ወደ ፊት ገፋው። እኔ ያን ገጽ ዘልዬው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አልወድም፤ በሠላሳ አንደኛው እንቅስቃሴ እጄን ሰጠሁ። ልጁ ጠጠሮቹን እየለቀመ በትሕትና «ጋሼ፣ እኔ የተጫወትሁት መክፈቻ ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህ ጥቃት መጀመሪያ ስሙን ያገኘበትን ጨዋታ ፈልጌ ከአንደኛው እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ብቻዬን አጫወትሁት። ሲነጋ ገና ሃያ አንደኛው ላይ ነበርሁ። ዛሬ ላካፍላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጠጠሮቹ ስም አንድ ቃል ልበል። በእኛ መካከል ሁሉም በየራሱ ስለሚጠራቸው እኔ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ፈረስ፣ ወታደር እላለሁ። እንግሊዞች ጳጳስ የሚሉትን በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር ግን አባቶቻችን በሰንጠረዥ ጨዋታቸው ይጠሩት እንደ ነበረው ፊል እለዋለሁ። የእነርሱ ፊል ሁለት ቤት ብቻ እየዘለለ ይሄድ ነበር፤ የዛሬው ግን መንገዱ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ይገሠግሣል። ቤቶቹን ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች፣ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8 እቈጥራለሁ።

አባቶቻችንን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጨዋታችን አስፈላጊ ነውና። በሰንጠረዥ የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እንዳሻቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ከሁለት አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪገድል ድረስ። ተራ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። እንዲህ ባለው አጀማመር ሽምደዳ ምን ይረባል? ዐይንህን ከባለጋራህ እጅ ላይ መንቀል አይሆንልህም፤ እርሱ ሲያሰልፍ አንተ ታፈርሳለህ፣ እርሱ ሲያፈርስ አንተ ታሰልፋለህ። የአውሮጳው ቼዝ ግን ተራ በተራ ስለሚሄድ እያንዳንዱ እርምጃ ሊመዘገብ፣ ሊጠና፣ ሊሸመደድ ይችላል። ስለዚህ ሰው እቤቱ ተቀምጦ ወጥመዱን ሲያበጅ ከርሞ፣ በጨዋታው ቀን እንደ ድንገት ሊዘረጋው ይችላል። የምነግራችሁ ጨዋታ እንዲህ ያለ ወጥመድ የተዘረጋበት ነው። የሚያስደንቀው ግን ወጥመዱ ሳይሆን፣ የተዘረጋለት ሰው ወጥመድ መሆኑን እያወቀ የገባበት መሆኑ ነው።

ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር እናገራለሁ። ቀኑ ጥቅምት 23 ቀን 1918 ነው። ቦታው ኒው ዮርክ፣ የማንሃታን የቼዝ ክበብ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሦስት ሳምንት አልቀረውም፤ በከተማይቱ ደግሞ የኅዳር በሽታ እያልን የምናውቀው ያ አስከፊ ኢንፍሉዌንዛ ሰውን እንደ ቅጠል ያረግፍ ነበር። በዚህ መካከል ሰባት ሰዎች ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ የሚገናኙበትን ውድድር ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ነጩን የያዘው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ፣ ጥቁሩን የያዘው ፍራንክ ማርሻል ነበር።

ካፓብላንካ በ1888 በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ተወለደ። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሲጫወት እያየ ማንም ሳያስተምረው ጨዋታውን እንደ ለመደ ይነገራል። በ1906 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ለማጥናት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ከቤተ ሙከራው ይልቅ በማንሃታን ክበብ ይገኝ ስለ ነበረ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወው። (የኬሚስትሪ መምህራችን ከኋላ ተቀምጠው ስለማያቸው በዚህ ምሳሌነት አልገፋበትም።) አጨዋወቱ የጠራ ውሃ ይመስላል፤ ትርፍ ነገር የለበትም። ከ1916 ጀምሮ እስከ 1924 ድረስ በውድድር አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። መጻሕፍትን አብዝቶ የሚያጠና ሰው አልነበረም፤ የሚተማመነው ገበታውን አይቶ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው።

ማርሻል የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1877 በኒው ዮርክ የተወለደ፣ ጥቃትን እንደ እንጀራ የሚወድ፣ ቢሸነፍም እየሠዋ የሚሸነፍ ሰው ነበር። በ1904 በካምብሪጅ ስፕሪንግስ በተደረገው ውድድር የዓለሙን ሻምፒዮን ላስከርን ቀድሞ አንደኛ ወጥቷል። ከ1909 እስከ 1936 ድረስም የአሜሪካን ሻምፒዮንነት ይዞ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በዚያው በ1909 ከወጣቱ ካፓብላንካ ጋር ግጥሚያ ገጥሞ አንድ ብቻ አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ፤ አሥራ አራቱ በአቻ ወጡ። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር። እንግዲህ አንድ የታወቀ ባለሙያ ገና ጢሙ ባላጠነከረ ተማሪ በሰው ፊት እንዲህ ሲመታ ምን እንደሚሰማው ገምቱ።

እዚህ ላይ ነው ተረቱ የሚገባው። ማርሻል ከዚያ ሽንፈት በኋላ እቤቱ ገብቶ ካፓብላንካ የሚወደውን የስፓኝ መክፈቻ የሚሰብር አዲስ ጥቃት አገኘ፤ ዘጠኝ ዓመትም ለማንም ሳያሳይ በልቡ ሸሽጎ ቀኑን ጠበቀ ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ እኔም ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን የቼዝን ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ በእነዚያ ዓመታት መካከል ማርሻል ይህን ጥቃት በካፓብላንካ ላይ ሊጠቀምበት የሚችልበትን ዕድል አግኝቶ ሳይጠቀምበት ያለፈባቸውን ጨዋታዎች አግኝተዋል። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት የሚለው የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም። በዚያን ቀን ግን ተዘጋጅቶ መምጣቱን ካፓብላንካ ራሱ ተረድቶታል።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። ካፓብላንካ ወታደሩን ወደ ኢ4 ገፋ፣ ማርሻልም ወደ ኢ5። ፈረስ ወጣ፣ ፈረስ ወጣ፤ ቀጥሎ የነጩ ፊል ቢ5 ላይ ተቀምጦ የጥቁሩን ፈረስ ተመለከተው። ይህ መክፈቻ በ1561 ስለ ቼዝ መጽሐፍ ባሳተመው የስፓኝ ካህን በሩይ ሎፔዝ ስም ይጠራል። ጥቁሩ ፊሉን በወታደሮቹ እየገፋ እስከ ቢ3 አባረረው፤ ሁለቱም ንጉሦቻቸውን በግንቦቻቸው ጥግ አስገቡ። ነጩ በስምንተኛው እንቅስቃሴ ወታደሩን ሲ3 ላይ አኖረ፤ በሚቀጥለው መሐሉን ሊይዝ አስቦ ነው። ሰው ሁሉ በዚህ ቦታ ጥቁሩ ወታደሩን አንድ ቤት ገፍቶ ኢ5ን እንዲያጠናክር ይጠብቅ ነበር። ማርሻል ግን ሁለት ቤት ገፋው፤ ዲ5!

የዚህ ትርጕሙ ምንድን ነው? ጥቁሩ «ኢ5 ላይ ያለው ወታደሬ ያንተ ነው፤ ውሰደው» ማለቱ ነው። ነጩ በዲ5 ወታደር ለወታደር ከተለዋወጠ በኋላ ፈረሱን አስገብቶ ኢ5ን ቢወስድ፣ ፈረስ በፈረስ ተለውጦ የነጩ ግንብ ብቻውን ወደ መሐል ይወጣል። አንድ ወታደር ተርፎታል። ግን ሰፈሩን ተመልከቱ! በግራ በኩል ያሉት የነጩ ግንብ፣ ፈረስና ፊል ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም፤ ንጉሡን ይጠብቅ የነበረው ፈረስ ደግሞ ሞቷል። የጥቁሩ ሠራዊት ግን በሙሉ ፊቱን ወደ ነጩ ንጉሥ አዙሯል። ከእኛ መካከል ቤቱ ባዶ ሳለ ለጠበኛ ጎረቤቱ በሩን የሚከፍት ማን ነው?

ካፓብላንካ እዚህ ላይ ጥቂት አሰበ። በ1920 ባሳተመው የራሱ የጨዋታ ታሪክ መጽሐፍ ያሰበውን ነግሮናል፤ በራሴ አነጋገር ላቅርበው። ወታደሩን ቢወስድ ከባድ ጥቃት እንደሚወርድበት፣ የጥቃቱንም መንገድ ሁሉ ባለጋራው አስቀድሞ እንደሚያውቀው ተረድቷል። ሆኖም ቦታውን ሲመረምረው ሊከላከሉት የሚቻል ሆኖ አገኘው፤ እንዲህ ካመነ ደግሞ ፍርዱንና ችሎታውን የሚፈታተነውን ግብዣ አልቀበልም ማለት ክብሩን የሚነካ መሰለው። ስለዚህ ወሰደ።

ወንድሞቼ፣ እኔ በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። ከጓደኞቼ አንዱ «ይኸ ጀብደኝነት ነው፤ ትዕቢት ነው» ብሎኛል። አይመስለኝም። ካፓብላንካ «አልሸነፍም» ብሎ አልገባም፤ «ቦታው ይያዛል» ብሎ ነው የገባው። ሁለቱ አባባሎች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ራሱ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ገበታው ነው።

ጥቃቱ ወዲያው ጀመረ። የጥቁሩ ፈረስ ከዲ5 ወደ ኤፍ6 ተመለሰ፤ ፊሉ ዲ6 ላይ ሆኖ የነጩን ንጉሥ በር አነጣጠረ፤ ፈረሱ ደግሞ ጂ4 ላይ ገባ። ነጩ በኤች3 ያለው ወታደሩ ፈረሱን ሊገድለው ይችል ነበር፤ ቢገድለው ግን የጥቁሩ ንግሥት ኤች4 ላይ ስትወጣ መንገዱ ይከፈትላትና ጥቃቱ የማይቋቋሙት ይሆናል። ስለዚህ ካፓብላንካ ፈረሱን ትቶ ንግሥቱን ወደ ኤፍ3 አወጣ። የጥቁሩ ንግሥት ኤች4 ደረሰች። ነጩ ወታደሩን ዲ4 ላይ ገፋ፤ የተቈለፈበት ፊል መውጫ እንዲያገኝ ነው። በዚህ ጊዜ የማርሻል ፈረስ ኤፍ2 ላይ ያለውን ወታደር ገድሎ በነጩ ንጉሥ ጕያ ውስጥ ቆመ።

አሥራ ስድስተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ እኔ በሌሊት ብዙ የቆየሁበት ይህ ነው። እጅ የሚያሳክከው ፈረሱን በንግሥት መግደል ነው። የተከፈለበት ሥጋ እፊት ቀርቦ አለመብላት ይከብዳል። አሁን ጥቁሩ ፊሉን ቀጥታ ጂ3 ላይ ቢያኖር ይጠፋል፤ የነጩ ንግሥት ኤፍ7 ላይ ራሷን ትሠዋና፣ ግንቡ ቢገድላት የነጩ ግንብ ኢ8 ላይ ደርሶ ማት ያደርገዋል፤ ኤፍ7 ላይ የቆመው የጥቁሩ ግንብ ከቢ3 በሚመለከተው ፊል ስለ ታሰረ ተመልሶ ሊያድን አይችልምና። ታዲያ ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ፈረሱን ልግደል» ይላል። ወጥመዱ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ጥቁሩ አስቀድሞ ፊሉን ኤች2 ላይ አውጥቶ ንጉሡን ያጠቃል፤ ንጉሡ ወደ ኤፍ1 ሲሸሽ ያን ጊዜ ፊሉ ወደ ጂ3 ይመለሳል። ያው ፊል፣ ያው ቤት፤ ልዩነቱ የንጉሡ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አሁን ንግሥቲቱ ኤፍ7ን ብትገድል ንጉሡን አታጠቃም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የነጩ ንጉሥ ራሱ በኤፍ መሥመር ላይ ስለ ቆመ፣ ግንቡ ንግሥቲቱን ሲገድል በዚያው ንጉሡን ያጠቃል፤ ነጩም ለማቱ ጊዜ አያገኝም። ካፓብላንካ ይህን ሁሉ ገበታው ላይ አየ፤ ፈረሱንም ትቶ ግንቡን ወደ ኢ2 አንድ ቤት አነሣ። እንደ ጸጥተኛ ሰው ንግግር ያለ እርምጃ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ክርክሩን ሁሉ ያዞረዋል።

ማርሻል ፊሉን ጂ4 ላይ ሠዋ። ነጩ ገደለው። ማርሻል በሌላው ፊሉ ንጉሡን አጠቃ፤ ንጉሡ ወደ ኤፍ1 ሄደ፤ ፊሉ ጂ3 ላይ ሲቀመጥ በኤች1 ማት ሊያደርግ ነበር። ግንቡ ፈረሱን ገደለና ማቱን ፈታው። ንግሥቲቱ ግን ኤች1 ላይ ወረደች፤ የነጩ ንጉሥም ከሰፈሩ ወጥቶ ስደት ጀመረ። ከጂ1 ወደ ኤፍ1፣ ከዚያ ወደ ኢ2፣ ከዚያ ወደ ዲ3፣ በመጨረሻ ሲ2 ላይ ደርሶ ዐረፈ። በዚህ መካከል ሒሳቡን ብንሠራው ጥቁሩ አንድ ግንብ አግኝቶ አንድ ፊልና አንድ ፈረስ ከፍሏል። የጥቁሩ ንግሥትና ፊል ንጉሡን እያሳደዱ ሩቅ ሄደው በነጩ ሰፈር ጥግ፣ ጠላት በሌለበት ባድማ ውስጥ ቀሩ። ንጉሡ ከዚያ ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ እነርሱ ግን ገና ደጁን ይጠብቃሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ካፓብላንካ በሃያ ዘጠነኛው እንቅስቃሴ በዳር የቆመውን ወታደሩን ሁለት ቤት ወደ ኤ4 ገፋው። ልብ በሉልኝ፤ ያ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እኔን የገፋበት ያው ወታደር ነው! በሌሊት እዚህ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህ ወታደር ወደ ቢ5 ገድሎ ገባ፣ ቢ6 ደረሰ፣ ቢ7 ደረሰ፤ ንግሥት ሊሆን አንድ ቤት ቀረው። በሠላሳ ስድስተኛው እንቅስቃሴ ካፓብላንካ ፊሉን ኤፍ7 ላይ ሠዋ፤ ጨዋታውም አለቀ። ግንቡ ፊሉን ቢገድል ወታደሩ ቢ8 ላይ ነግሦ ንጉሡን ያጠቃል፤ ንጉሡ ወደ ኤች7 ሲሸሽ የነጩ ግንብ ኤች6 ላይ ይሠዋል፤ ከፊሉ መሥዋዕት ጀምሮ ቢቈጠር በአምስት እንቅስቃሴ ማት ነው።

ካፓብላንካ ውድድሩን አንደኛ ሆኖ ፈጸመ፤ ኮስቲች ሁለተኛ፣ ማርሻል ሦስተኛ ወጡ። ካፓብላንካ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1921 በሃቫና ላስከርን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመውና «የሸመደደው ተሸነፈ፣ ያሰበው አሸነፈ» ይላል። እኔም ሸምድጄ የተሸነፍሁ ስለሆንሁ እንዲህ ማለት ይቀለኝ ነበር። ለማርሻል ግን ፍርድ አጓድል ነበር። ሰውየው ሐሳቡን ለደካማ ሰው አላቀረበውም፤ በዓለም ላይ ከሁሉ ብርቱ ለነበረው ሰው፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ሁሉ እያየ አቀረበው። ሲሸነፍም «ሐሳቤ ከንቱ ነበር» ብሎ አልጣለውም። ተመልሶ ስሕተቱን ፈለገ፤ አገኘውም። ስሕተቱ አሥራ አንደኛው እንቅስቃሴ ላይ ነበር። ፈረሱን ከዲ5 ወደ ኤፍ6 ከመመለስ ይልቅ በሲ6 ወታደር ደግፎ እዚያው መሐል ላይ ማቆየት ይሻላል። ፈረሱ ከመሐል ሳይነቃነቅ ፊልና ንግሥት ጥቃቱን ይጀምራሉ። ዛሬ የማርሻል ጥቃት የሚባለው ይህ የታረመው ነው። ቦሪስ ስፓስኪ በ1965 ከታል ጋር በትብሊሲ ባደረገው ግጥሚያ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል፤ በእኛ ዘመንም እነ ሌቮን አሮኒያን የታወቁበት መሣሪያ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ያን ያህል አስፈሪ የነበረው ጥቃት በኮምፒዩተር እስከ ጫፉ ድረስ ከመመርመሩ የተነሣ አሁን ብርቱ ተጫዋቾች በጥቁር አቻ ለመውጣት ሲፈልጉ የሚመርጡት ሆኗል።

ወደ ኮምፒዩተር ከመጣን አንድ ጨዋታ ብቻ ልጨምርና ልጨርስ። በ2004 በስዊስ አገር በብሪሳጎ ከተማ ቭላዲሚር ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለመጠበቅ ከሃንጋሪያዊው ከፒተር ሌኮ ጋር ተጋጠመ። በስምንተኛው ጨዋታ ሌኮ ጥቁሩን ይዞ ይህንኑ የማርሻልን ጥቃት ተጫወተ። በዚህ ጊዜ እቤቱ አዘጋጅቶ የመጣው ነጩ ነበር፤ የክራምኒክ ረዳቶች ቦታውን በኮምፒዩተር መርምረው ለነጩ መልካም ነው ብለውታል። ሌኮ ግን ገበታው ላይ ተቀምጦ ማሽኑ በቂ ጊዜ ሳይሰጠው ያላየውን ጥቃት አገኘና አሸነፈ። ከ1918 ወዲህ ወንበሮቹ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፤ የተሸመደደው በነጩ በኩል ነበር፣ የሚያስበው ደግሞ ማርሻል በተቀመጠበት ወንበር ላይ። ክራምኒክ በመጨረሻው በአሥራ አራተኛው ጨዋታ አሸንፎ ግጥሚያውን ሰባት ለሰባት ባያደርገው ኖሮ ዘውዱን በዚያች በአንድ መክፈቻ ያጣ ነበር።

ለዚያ ልጅ ያልመለስሁለት ጥያቄ ትዝ ይላችኋል? ሳነብ አገኘሁት። በስምንተኛው እንቅስቃሴ ያንን የዳር ወታደር ወደ ኤ4 መግፋት ስም አለው፤ ፀረ ማርሻል ይባላል። ጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት የጥቁሩን ሐሳብ ወደ ሌላው ዳር የሚስብ ብልኀት ነው። ጋሪ ካስፓሮቭን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ከማርሻል ጥቃት ለመሸሽ ሲሉ ይመርጡታል። ልጁን በምግብ አዳራሽ ውስጥ አግኝቼው ይህን ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «እኔ እኮ ያንን የገፋሁት ቢ5 ላይ ያለው ወታደርዎ ብቻውን የቆመ መስሎኝ ነው» አለኝ። እርሱ ወታደሩን አየ፤ እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ወታደር እያየሁ አላየሁትም ነበር።

ነገ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ገና ልንገጥም ተቀጣጥረናል። ጥቁሩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ በስምንተኛው እንቅስቃሴ ምን እንደምጫወት ግን ዛሬ አልናገርም፤ እርሱ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እየሰማኝ ነውና። አሥራ ስድስተኛውን እንቅስቃሴ መመርመር የምትፈልጉ ገበታውን ከሰሌዳው ላይ አላጠፋውም፤ ጠመኔው ከሥሩ አለ።